ተረትና እውነታ፦ “ዕድሜ ነው” የተባለ ዓይን

በላስታ ደጋ የአዛውንት ዓይን ሲደክም ከቤተሰብም ከጎረቤትም የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ “ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል!” ፍርዱ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ያረጀ ሰው ዓይኑ ሲጠፋ ትውልድ ሁሉ እያየ ኖሯል። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተካሄደው የዓይነ ስውርነት ጥናት ግን በዚህ አይስማማም። ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኘ፤ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶውን ደግሞ ትራኮማ ነበር። ከመቶ ዓይነ ስውራን 87ቱ የታወሩት አስቀድሞ መከላከል ወይም ማከም በሚቻል ምክንያት ነው። ዕድሜ ሞራ ያመጣል፣ እውነት ነው፤ ይሁንና የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ የሚተካው ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሁለቱን በሽታዎች አንድ አድርጎ ማየት ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው። በሞራ የጠፋ ብርሃን ሕክምናው ቢዘገይም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ትራኮማ እንዲህ አይታገሥም። ከልጅነት ጀምሮ የሚደጋገመው ልክፈት የዓይን ቆብን ከውስጥ ጠባሳ ያሲዘዋል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የቆቡ ፀጉር ብሌኑን ይፍቃል። ሕፃናት የሚያሳድጉ ሴቶች ከልጆቹ ደጋግሞ ስለሚይዛቸው ይበልጥ ይጎዳሉ። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያስታግሣል፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል፣ ቆቡም እንደታጠፈ ነው። ቆቡን የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና በጤና ጣቢያ በሠለጠነ ነርስ ይሠራል፤ ብሌኑ ጠባሳ ከያዘ በኋላ ግን የሄደውን ብርሃን አይመልስም። “ዕድሜ ነው” ብሎ መጠበቅ የሚያሳውረው እዚህ ላይ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እናቶችንና ሕፃናትን ማስቀደሙ ተገቢ ነበር፤ ድሃ አገር ቅድሚያ መምረጥ አለባት የሚለው ክርክርም በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን አያት ሲታወሩ የሚመራቸው ልጅ ከትምህርት ይቀራል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ለሕፃኑ ክትባት በገባችበት ቤት አያቲቱ ምድጃ ዳር ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ለማየት ስንት ደቂቃ ይወስድባታል? ሌሎች ደግሞ “የላሊበላ ሰው ከሐኪም ጸበል ይመርጣል” ይላሉ። ጸበልና መድኃኒት ግን አይጣሉም፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ከእምነት ይልቅ የሚያግደው መንገዱ ይመስለኛል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚነሣው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ካሉት መንደሮች ለማያይ ሰው መውረድ ቀላል አይደለም፤ የጤና መድኅን የሕክምናውን ወጪ ቢሸፍን እንኳ የአጃቢውን ስንቅ አይችልም። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት በሰሜኑ ጦርነት መዘረፋቸውም ችግሩን አባብሶታል። ስለዚህ ባለሙያዋ የቀበሌዋን አዛውንት በስም መዝግባ ብትይዝ፣ የዓይን ሕክምና ዘመቻውም ከላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ጋር ቢገጥም፣ እህል ጭኖ የሚወርደው ጎረቤት አዛውንቱንም ይዞ ለመውረድ ሌላ ቀን መሥዋዕት ማድረግ አይኖርበትም።