በጎልፍ ጨዋታ የምት አጠባበቅ

ጎልፍ ትንሽ ኳስን በዱላ እየመቱ በሰፊ የሣር ሜዳ ላይ በሚገኙ 18 ጉድጓዶች በየተራ የማስገባት ጨዋታ ነው። አሸናፊው ከሁሉ ያነሰ ጊዜ መትቶ የሚጨርስ ነው። ኳሷ ከጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስ ተጫዋቹ ፑተር በሚባል ዱላ በአጭሩ በተከረከመ ሣር ላይ ያንከባልላታል። 72 ጊዜ በመምታት እንዲያልቅ በተመደበ ሜዳ 36ቱ ለዚሁ ለማንከባለሉ የታሰቡ ናቸው። ኳሷ 200 ሜትር ብትወነጨፍም ሆነ 1 ሜትር ብትንከባለል፣ የሚቆጠረው እኩል አንድ ነው።

ጀማሪዎች ኳሷን የሚስቱት ጉልበት አንሷቸው አይደለም። ርቀቱ ሲበዛ ዱላውን በችኮላ ይሰነዝራሉ፤ ሲያጥር ደግሞ ፈርተው እጃቸውን ይገታሉ። በዚህም ምክንያት ምታቸው ይዛባል።

ለዚህ መፍትሔው ከግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ይገኛል። ፔንዱለም የሚወዛወዝበት ስፋት በጣም እስካልበዛ ድረስ፣ ጠበበም ሰፋ፣ አንዱን ውዝዋዜ የሚፈጽምበት ጊዜ አንድ ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል። ፑተርም እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል። ርቀቱ ሲጨምር መስፋት ያለበት የዱላው ጉዞ እንጂ መለወጥ ያለበት ጊዜው አይደለም።

ልምምዱም ቀላል ነው። በመጀመሪያ ዱላውን ሳያጠብቁ መያዝ፤ ቀጥሎም ወደ ኋላ ሲወስዱት «አንድ፣ ሁለት»፣ ኳሷን ሲመቱ «ሦስት» ብሎ መቁጠር ነው። ከ1 ሜትር፣ ከ3 ሜትር፣ ከ6 ሜትር ሲመቱም ቆጠራው አይፈጥንም፤ አይዘገይም።

የምት መቋረጥ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1970 በስኮትላንድ፣ በሴንት አንድሩስ በተደረገው ታላቅ ውድድር አሜሪካዊው ደግ ሳንደርስ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ከ1 ሜትር ያነሰ ርቀት ብቻ ቀርቶት ነበር። ኳሷን ቢያስገባ ድሉ የእርሱ ነበር። ነገር ግን ለመምታት ከተዘጋጀ በኋላ በኳሷ መንገድ ላይ አንድ ነገር ያየ መስሎት ጎንበስ አለ። ከዚያም ከቦታው ፈቀቅ ብሎ እንደገና ሳይዘጋጅ መታና ሳተ። በማግሥቱ በተደረገው የመለያ ጨዋታ ጃክ ኒክላውስ በአንድ ነጥብ ብልጫ አሸነፈው።

አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። እንግዲህ ምቱ የተቋረጠበት ተጫዋች ከኳሷ ራቅ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ ቆጠራውን ከ«አንድ» መጀመር ይኖርበታል።