የሥራ ቦታ አድልዎና የማስረጃ ክርክር፦ ሠራተኛው ምን ማስረዳት ይጠበቅበታል?

በሥራ ቦታ የሚፈጸም አድልዎ በግልጽ ተጽፎ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። አንዲት ሠራተኛ በማርገዟ ወይም አንድ ሠራተኛ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ሲሰናበት፣ በስንብት ደብዳቤው ላይ የሚሰፍረው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፤ “የሥራ መቀነስ”፣ “የአፈጻጸም ማነስ” ወይም “የዲሲፕሊን ጉድለት” ይባላል። በመሆኑም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ አድልዎ የተከለከለ መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው እውነተኛው የስንብት ምክንያት የትኛው እንደሆነና ይህንንም ማን ማስረዳት እንዳለበት ነው። ይህ ጽሑፍ በመካነ ሰላም ከተማ እንዲሁም በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በመሐል ሳይንትና በአጎራባች የምዕራብ ደቡብ ወሎ ወረዳዎች የሚገኙ ሠራተኞች መብታቸውን በማስረጃ አስደግፈው እንዲጠይቁ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

ጉዳዩ በየትኛው ሕግ ይታያል?

በቅድሚያ ሠራተኛው በየትኛው ሕግ እንደሚተዳደር መለየት ያስፈልጋል። በግል ትምህርት ቤት፣ በግል ክሊኒክ፣ በሆቴል፣ በባንክ፣ በንግድ ድርጅት ወይም በመንገድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ የተቀጠረ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይሸፈናል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወይም የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ግን የሚተዳደረው በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። በመካነ ሰላም ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም በመሆኑ የአስተዳደር ሠራተኞቹ በፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይተዳደራሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ቅሬታውን በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ያቀርባል፤ ከዚያም ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ያመራል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሸፈን ሠራተኛ የግል የሥራ ክርክሩን ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ያቀርባል፤ በክልሉ ይህ የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ የሚመለከተው በዋናነት ይህንን ሁለተኛውን ሠራተኛ ነው።

ሕጉ ምን ይከለክላል?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 42 ደግሞ ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በሥራና በሙያ ላይ የሚደረግ አድልዎን የሚከለክለውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 እ.ኤ.አ. በ1966 አጽድቃለች።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች አይ ቪ ኤድስ፣ በአካል ጉዳትና በሌሎችም ሁኔታዎች ልዩነት ማድረግን ሕገወጥ ድርጊት ብሎታል፤ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት መፈጸምንም ይከለክላል። በአንቀጽ 26 ደግሞ የማኅበር አባልነት፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ፣ በክርክር ሂደት ተካፋይ መሆን፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ እርግዝና፣ የአካል ጉዳትና የመሳሰሉት የሥራ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ሊሆኑ እንደማይችሉ በዝርዝር ሰፍሯል።

የማስረዳት ሸክም በማን ላይ ነው?

ኢትዮጵያ ራሱን የቻለ አንድ የማስረጃ ሕግ የላትም። ደንቦቹ የሚገኙት በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግና በልዩ ልዩ አዋጆች ውስጥ ነው። በአድልዎ ክርክር ሦስት ሁኔታዎችን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛው ጠቅላላው ደንብ ነው፤ አንድን ፍሬ ነገር መሠረት አድርጎ መብት የሚጠይቅ ወገን ያንን ፍሬ ነገር ያስረዳል። በዚህ መሠረት በቅጥር፣ በደመወዝ ወይም በደረጃ ዕድገት አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሠራተኛ ቢያንስ ከእርሱ ጋር ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ የሚገኝ ሌላ ሠራተኛ በተለየ መንገድ መስተናገዱን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

ሁለተኛው የስንብት ክርክር ነው። ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት አሠሪ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ሠራተኛው አጥፍቷል የሚለውም አሠሪው ስለሆነ ጥፋቱን ማስረዳት የእርሱ ድርሻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 ስንብቱ በቂ ምክንያት የሌለው መሆኑን የማስረዳት ሸክም ሠራተኛው ብቻውን እንዳይሸከም ይጠይቃል። በተጨማሪም አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቃውን ምክንያት ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል። ስለዚህ የቆየ ጥፋት ተፈልጎ የተሰጠ ስንብት በዚህ ምክንያት ብቻ ሕገወጥ ሊባል ይችላል።

ሦስተኛው የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በቅጥር፣ በዕድገት፣ በምደባ ወይም በዝውውር አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። በዚህ ጊዜ አድልዎ አለመፈጸሙን የማሳየት ኃላፊነት ወደ አሠሪው ይዞራል። አካል ጉዳተኛ ባለጉዳይ ይህንን ድንጋጌ በክስ ማመልከቻው ላይ በግልጽ መጥቀስ ይኖርበታል።

የሌሎች አገሮች ፍርድ ቤቶች ውሳኔዎችም ማስረጃ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ያሳያሉ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ሆፍማን የተባሉ ሥራ ፈላጊ በደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ላይ ባቀረቡት ክስ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ስለተገኘ ብቻ ለበረራ አስተናጋጅነት አለመቀጠራቸው አድልዎ ነው ብሎ እንዲቀጠሩ ወስኗል። ለውሳኔው መሠረት ከሆኑት መካከል የሕክምና ማስረጃው ይገኝበታል፤ አየር መንገዱ በአዲስ አመልካቾች ላይ የሚጠይቀውን ምርመራ በነባር አስተናጋጆቹ ላይ አለመጠየቁም ታይቷል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት በበኩሉ ዳንፎስ በተባለው የዴንማርክ ድርጅት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1989 በሰጠው ውሳኔ፣ የደመወዝ አከፋፈሉ ግልጽነት በጎደለው ድርጅት ውስጥ የሴቶች አማካይ ክፍያ ከወንዶቹ ማነሱ ከተረጋገጠ አሠራሩ አድልዎ የሌለበት መሆኑን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው ብሏል። እነዚህ ውሳኔዎች የኢትዮጵያን ፍርድ ቤቶች አያስገድዱም፤ ሆኖም አድልዎ በቀጥታ ቃል ባይነገርም ከአሠራር ልዩነት ሊታይ እንደሚችል ያስረዳሉ።

አንድ ማሳያ

ለምሳሌ በመካነ ሰላም በሚገኝ የንግድ ድርጅት በገንዘብ ተቀባይነት የምትሠራ አንዲት ሠራተኛ ማርገዟን ለአሠሪዋ ካሳወቀች ከሦስት ሳምንት በኋላ “በሥራ አፈጻጸም ድክመት” ተሰናበተች እንበል። ሠራተኛዋ የሐኪም ማስረጃ የሰጠችበትን ቀን፣ ከዚያ በፊት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት የማያውቅ መሆኑን፣ የቀድሞ የሥራ አፈጻጸም ውጤቷንና በቦታዋ ወዲያው ሌላ ሰው መቀጠሩን ካሳየች፣ የቀኖቹ መቀራረብና የአሠሪው ምክንያት በሰነድ አለመደገፍ ተዳምረው ለችሎቱ ጠንካራ መነሻ ይሆናሉ። ሠራተኛዋ ያላት “ያሰናበቱኝ ስላረገዝኩ ነው” የሚል ቃል ብቻ ከሆነ ግን ክሷ የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። አዋጁ አሠሪ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ እንዳያሰናብት የሚከለክል መሆኑም በክሱ ሊጠቀስ ይገባል፤ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ያልተያያዘ ሕጋዊ ምክንያት መኖሩን የሚያነሳው አሠሪው ነው።

ማስረጃው በአሠሪው እጅ ሲሆን

የደመወዝ መክፈያ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ፣ የግል ማኅደርና የዕድገት ቃለ ጉባዔ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በአሠሪው እጅ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 223 መሠረት ከሳሽ ከክሱ ጋር በሚያያይዘው የማስረጃ ዝርዝር የምስክሮቹን ስምና አድራሻ፣ የሚመሰክሩበትን ጭብጥ፣ እንዲሁም በእጁ የሌለው ሰነድ በማን ዘንድ እንደሚገኝ ይገልጻል። በዚህ ዝርዝር ላይ ሰነዱን በስሙ ለይቶ ጠቅሶ እንዲቀርብ ትእዛዝ እንዲሰጥ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። “ሰነዱ የለኝም” ብሎ መተው ግን መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

የሥራ ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ መሆኑ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። የደመወዝ ደረሰኝ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ መታወቂያ ካርድና የሥራ ባልደረቦች ምስክርነት የሥራ ግንኙነቱን ሊያስረዱ ይችላሉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክቶች ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ በስልክ የተላኩ የጽሑፍ መልእክቶችን ሳያጠፉ፣ ከነቀናቸውና ከላኪው ቁጥር ጋር ማቆየት ጠቃሚ ነው። በስውር የተቀዳ ድምፅ ግን የግል ሕይወት መብትን ስለሚነካ ተቃውሞ ሊነሳበት ይችላል።

ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት አነስተኛ ከተማ ምስክር ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ባልደረቦች እንጀራቸውን እንዳያጡ ይሰጋሉ። በክርክር ሂደት ተካፋይ መሆን የስንብት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አዋጁ መደንገጉን ምስክሮች ሊያውቁት ይገባል። ምስክር በራሱ ፈቃድ ለመቅረብ ከተቸገረ በፍርድ ቤት መጥሪያ እንዲቀርብ ማመልከት ይቻላል።

ማስረጃውን በመጀመሪያው ደረጃ ማቅረብ

በይግባኝ ደረጃ አዲስ ማስረጃ የሚቀርበው በተወሰኑ ሁኔታዎች ብቻ ነው። የሰበር ሰሚ ችሎት ደግሞ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ያርማል እንጂ ማስረጃን እንደገና አይመዝንም። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤትን ያስገድዳል፤ ይህ ግን በወረዳ ፍርድ ቤት ያልቀረበን ሰነድ አይተካም። ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጣ ባለጉዳይ ዋናው ዕድል የመጀመሪያው መዝገብ ነው።

ሊያልፉ የማይገባቸው የጊዜ ገደቦች

• ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ፦ የሥራ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ፤
• የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ፦ በ6 ወር ውስጥ፤
• በወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ምክንያት ሥራን ያለማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት፦ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ፤
• ይግባኝ፦ ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ።

ከአሠሪው ጋር በቃል እየተመላለሱ “ይታሰብልሃል” የሚል ተስፋ መጠበቅ የይርጋውን ጊዜ አያቆምም። በክረምት የመንገድ ችግር ከሚያጋጥምባቸው ቀበሌዎች የሚመጡ ባለጉዳዮች የመጨረሻውን ሳምንት ሳይጠብቁ መዝገብ እንዲያስከፍቱ ይመከራል።

ፍርድ ቤቱ ምን ሊወስን ይችላል?

ስንብቱ በአንቀጽ 26 በተከለከሉት ምክንያቶች የተፈጸመ መሆኑ ከተረጋገጠ አሠሪው ሠራተኛውን ወደ ሥራው የመመለስ ግዴታ አለበት። ሠራተኛው መመለስ ካልፈለገ ካሣ ተከፍሎት መሰናበት ይችላል። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ካሣ የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 ጊዜ ተባዝቶ የሚሰላ ሲሆን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ይታከልበታል። ወደ ሥራ እንዲመለስ የተወሰነለት ሠራተኛ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር፣ ውሳኔው በይግባኝ ከጸና ደግሞ እስከ 1 ዓመት የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊወሰንለት ይችላል።

ድጋፍ የት ይገኛል?

ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ችሎት ለሚያቀርበው ጉዳይ የአገልግሎት ክፍያ አይጠየቅም። ባለጉዳዩ በወረዳው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው ጽሕፈት ቤት አቤቱታ በማቅረብ በሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው በወረዳው የፍትሕ ጽሕፈት ቤትና በዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ምክር ይጠይቃል።

ባለጉዳዩ ሲቀርብ የስንብት ደብዳቤውን፣ የሥራ ውሉን ወይም የቅጥር ደብዳቤውን፣ የደመወዝ ማስረጃውን፣ ለአሠሪው ያቀረባቸውን አቤቱታዎች ግልባጭና የምስክሮቹን ስም ዝርዝር ይዞ መገኘት አለበት። ለአሠሪው የሚሰጥ ማንኛውም ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በአንዱ ላይ የተቀባዩ ፊርማና ቀን ሊሰፍርበት ይገባል። ያ ፊርማና ቀን ከወራት በኋላ በችሎት ፊት የሠራተኛው ዋነኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።