ምስጢሩ አውራ ጣት ላይ ነው

ልጆች፣ ስሙኝማ! አንድ ነገር ገብቶኝ እናንተን ሳላስረዳ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የቅርጫት ኳስ ጉዳይ ነው። ኳስ ነክታችሁ የማታውቁ ብትሆኑም ግድ የለም፤ ከዜሮ እንጀምራለን።

ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ቆመው ሲቀባበሉ አይታችኋል አይደል? አንዱ ኳሷን ደረቱ ላይ ይይዛል፣ በሁለት እጁ ይለቃታል፣ ሌላው ደረቱ ላይ ይቀበላታል። ቼስት ፓስ ይሉታል። ከውጭ ለሚያየው መግፋት ብቻ ይመስላል። እኔም ለብዙ ሳምንት ስገፋት ከረምኩ። ኳሷ ግን መንገድ ላይ ትደክምና ጓደኛዬ ጉልበት ላይ ትደርሳለች፤ አለዚያም እየተንገዋለለች ወደ ጎን ትሄዳለች። ክንዴን ባጠነከርኩ ቁጥር ባሰባት። ለካ ነገሩ ጉልበት አይደለም!

ከአያያዟ እንነሳ። ትኩስ ድፎ ዳቦ ከምጣድ ስታነሱ እንዴት ነው የምትይዙት? በጣት ጫፍ፣ መዳፋችሁን አሽሽታችሁ። በቃ ልክ እንደዚያ! እጆች ከኳሷ ግራና ቀኝ፣ ጣቶች ዘርጋ ብለው፣ ሁለቱ አውራ ጣቶች ደግሞ ከኋላ፣ በእናንተ በኩል። ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ ሰብሰብ አድርጉት። መዳፍ ለምን አይነካም? እስቲ በመዳፋችሁ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሞክሩ! ስሱ ነገር ሁሉ የሚሠራው በጣት ጫፍ ነው። ኳሷ 600 ግራም ገደማ ብትመዝንም ጣት በሚገባ ይሸከማታል።

ቀጥሎ አንድ እግር ወደ ተቀባዩ ይራመዳል። እዚህ ላይ ለቡሄ ጅራፍ ሲጮህ አስቡ። እጅ እጀታውን ይወዘውዛል፣ ውዝዋዜው በገመዱ ላይ እየሮጠ፣ እየፈጠነ ሄዶ ጫፉ ላይ "ጯ!" ይላል። ሰውነታችንም እንደዚያው ነው! እግር ይጀምራል፣ ወገብ ይቀበላል፣ ለትከሻ ያቀብላል፣ ክንድ ይዘረጋል፣ የእጅ አንጓ ይቀጥላል፣ ጣት ይጨርሳል። ኳሷ ገና ከእጅ ሳትወጣ ሰውነታችን ውስጥ ስንት ቅብብል ተካሄደ ማለት ነው!

አሁን ወደ ምስጢሩ መጣን። ክንድ ተዘርግቶ ሊያልቅ ሲል አንጓችሁ ይታጠፋል፤ ከኋላ የነበሩት አውራ ጣቶች ኳሷን ወደ ታች ጠረግ አድርገው ያልፋሉ። ስትጨርሱ እጃችሁን እዩት። አውራ ጣቶች ወደ መሬት፣ መዳፎች ወደ ውጭ! አንድ ከሰዓት በኋላ አሰልጣኜ "ስትለቅ አውራ ጣትህ የት እንዳለ እይ" አለኝ። አየሁት፤ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በሚቀጥለው ውርወራ ወደ ታች አዞርኩት። ኳሷ "ፏ!" ብላ ከእጄ ወጥታ ጓደኛዬ ደረት ላይ ጥፊ በሚመስል ድምፅ አረፈች። ሁለታችንም ዝም ብለን ተያየን። ያው ክንድ፣ ያው ጉልበት ነበር እኮ!

ምን ተፈጠረ? አውራ ጣት የኳሷን ጀርባ ወደ ታች ሲጠርግ ፊቷ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ወደፊት እየበረረች ወደ ኋላ ትሽከረከራለች። ልጅ ሆነን ጎማ ወደፊት ወርውረን ተንከባሎ እንዲመለስ የምናደርገው አዟዟር እሱ ነው። የሚሽከረከር ነገር ደግሞ ግትር ነው! እንዝርት ካልተሾረ ይወድቃል፤ ሲሾር ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኳሷም ስትሾር አየር ላይ መንገዋለሏን ትተዋለች። ሁለት እጅ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ግራና ቀኝ እኩል ሲጠርጉ ሹረቱ ቀጥ ይላል፤ አንዱ ከበረታ ኳሷ ታጋድላለች።

ጉልበት ላይ መድረሷስ? ይህን ሳሰላ ነው የደነገጥኩት። ዘንበል ሳይል አግድም የተወረወረ ነገር በግማሽ ሴኮንድ 1.2 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከደረት ተነስቶ 1.2 ሜትር ማለት ወደ እግር ጣት ሊደርስ ነው! በሩብ ሴኮንድስ? 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ! ጊዜው በግማሽ ሲቀንስ መውረዱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ያ የአንጓ ፍጥነት ለጌጥ አይደለም። ራቅ ላለ ጓደኛ ደግሞ ትንሽ ከፍ አድርጎ ማነጣጠር ይጨመርበታል። መሐል ላይ እጁን የዘረጋ ተከላካይ ካለ መሬት አንጥሮ ማሳለፍ ይሻላል፤ እጅና አውራ ጣት እዚያም ሥራቸው ያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እሱም ደስ አሰኝቶኛል። ጄምስ ኔይስሚዝ ይህን ጨዋታ በታኅሣሥ ወር 1891 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ሲፈጥረው፣ የኮክ ቅርጫት ሰቅሎ በእግር ኳስ ኳስ ነበር ያጫወተው። ከ13ቱ ሕጎቹ አንዱ ኳስ ይዞ መሮጥን ይከለክላል፤ ተጫዋቹ ኳሷን ከተቀበለበት ቦታ ሆኖ መወርወር አለበት። ኳስ እያነጠሩ መሄድ ገና አልመጣም። እና ኳሷ እንዴት ትንቀሳቀስ ነበር? በማቀበል! በአንድ እጅም በሁለትም መወርወር እንደሚቻል የመጀመሪያው ሕግ ራሱ ይናገራል። እኛ እንደ ማሟሟቂያ የምናየው ነገር ያኔ ጨዋታው ራሱ ነበር።

አሁን የምትሞክሩት ነገር ልስጣችሁ። ነጭ ፕላስተር በኳሷ ዙሪያ እንደ መቀነት ጠምጥሙ። መቀነቱ በሁለቱ እጆቻችሁ መሐል ከላይ ወደ ታች እንዲዞር አድርጋችሁ ያዟትና ልቀቋት። እጆቻችሁ እኩል ከሠሩ ተቀባዩ ኳሷ እየሾረች እንኳ አንድ ቀጥ ያለ፣ ምንም የማይነቃነቅ ነጭ መስመር ያያል! አንዱ እጅ ከቀደመ መስመሩ ሲወላገድ ወዲያው ይታወቃል። ሳየው በደስታ ጮኼያለሁ። ቅዳሜ ኳሷንም ፕላስተሩንም ይዤ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ማን ፊት ለፊቴ ይቆማል?