ሲያሻው የሚሠራ ስልክ

አስተማማኝ ያልሆነ ስማርት ስልክ የሚባለው ጨርሶ ያልተበላሸ፣ ነገር ግን በተፈለገበት ሰዓት ይሠራል ተብሎ የማይታመን ስልክ ነው። 40 በመቶ ባትሪ እያሳየ ድንገት ይጠፋል፤ ቻርጀር ሲሰካበት አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል፤ አስቸኳይ መልእክት ሲጻፍበት ስታክ ያደርጋል። ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ስልክ ይዞ መኖር ብርቅ አይደለም። አዲስ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ የወራት ቁጠባ ስለሚጠይቅ፣ ያገለገለው ስልክ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፋል፤ የሞባይል ጥገና ሱቆችም ዕድሜ ይቀጥሉለታል።

የሞባይል አገልግሎት በኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም ሲጀመር ስልክ መደወያ ብቻ ነበር። በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ግን ቦርሳም ሆኗል። ዛሬ አንድ ስልክ ሲጠፋ የሚቋረጠው ወሬ ብቻ አይደለም፤ የዕለት ሒሳብም አብሮ ይቆማል። የእንከኑን ምንጭ ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው። የዛሬ ስልኮች የሚጠቀሙበት የሊቲየም አዮን ባትሪ፣ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው ዓይነት ነው። ቻርጅ በተደረገና በተሟጠጠ ቁጥር ከውስጡ ጥቂት ሊቲየም ታስሮ ይቀራል፤ በብዙ ስልኮች 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ካለቀ በኋላ የሚይዘው ኃይል ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ያረጀ ባትሪ ኃይሉን በፍጥነት መስጠት ያቅተዋል። ካሜራ ሲከፈት ወይም ጥሪ ሲመጣ ስልኩ ብዙ ኃይል ባንዴ ይጠይቃል፤ ቮልቴጁ ወዲያው ይወድቅና ስልኩ ይዘጋል። በ40 በመቶ የሚጠፋ ስልክ ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ባለቤቱ ስልኩን ከመጣሉ በፊት ባትሪውን ቢያስቀይር ብዙ ጊዜ ይድናል። ሙቀት ደግሞ ይህን እርጅና ያፋጥነዋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የባሕር ዳር ሙቀት በባጃጅ የፊት መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ የዋለ ስልክ ቤት ከዋለው ቀድሞ ያረጃል። ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት እንደ እንዝርት የሚሾር ስልክ ካለ ባትሪው በጋዝ አብጧል። ይህ አደገኛ ነው፤ አይወጋም፣ አይጫንም፣ ቻርጅም አይደረግም፤ በቶሎ ይቀየራል።

ቻርጅ አልይዝ ያለ ስልክ ሁሉ ግን ባትሪው አልሞተም። ጠጋኙ ስልኩን መብራት ሥር አጋድሞ የቻርጀሩን ቀዳዳ በማጉያ ሲያየው፣ ከኪስ የተራገፈ ብናኝና የመንገድ አቧራ ተጠቅጥቆ፣ ግራጫ ጥጥ መስሎ ይታያል። ስልኩን አጥፍቶ፣ በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ እያለ ሲያወጣው ገመዱ እስከ ታች ይገባና መያዝ ይጀምራል። መርፌ መጠቀም ግን ውስጥ ያሉትን ስስ የብረት ጥርሶች ሊሰብር ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመለስም የኃይሉ መዋዠቅ ቻርጀሩን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ መብራት ሲጠፋ ነቅሎ መቆየት ይሻላል።

ስታክ ማድረግ በአብዛኛው ከሞላ ሚሞሪ ይመጣል። በቴሌግራም ሳይጠየቅ የሚወርደው ቪዲዮ ቦታውን ይይዘዋል፤ የስልክ ሚሞሪ አዲስ ነገር ለመጻፍ አሮጌውን አስቀድሞ ማጥፋት ስላለበት፣ ሲሞላ ይንቀራፈፋል። ቪዲዮውን መሰረዝና በራሱ ማውረዱን መዝጋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። «ፍላሽ ላድርገው»፣ ማለትም ሶፍትዌሩን እንደገና ልጫነው፣ የሚል ጠጋኝ ሲገጥም ግን ፎቶው ይጠፋ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በአብዛኛው ይጠፋልና።

ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ውሃ የዘወትር ስጋት ነው። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ደሴት በጀልባ የሚሄድ መንገደኛ ስልኩን በፌስታል ቋጥሮ ይይዛል፤ ጥሩ ልማድ ነው። ስልኩን የሚገድለው ውሃው ብቻውን ሳይሆን ውሃና ኤሌክትሪክ መገናኘታቸው ነው፤ ኃይል ባለበት ቦርድ ላይ እርጥበት ሲያርፍ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ስለዚህ ውሃ የገባበት ስልክ ወዲያው መጥፋት አለበት እንጂ ይሠራ እንደሆነ ለማየት አይከፈትም፣ ቻርጅም አይሰካበትም። ሩዝ ውስጥ መቅበር ቦርዱ ላይ የቀረውን ቆሻሻ አያወጣም፤ ጠጋኙ ከፍቶ በአልኮልና በብሩሽ ያጥበዋል። በዚህ ጊዜ አንድ ቀን ማዘግየት ብዙ ዋጋ ያስከፍላል።

አንዳንዴ ጥፋቱ ከስልኩ አይደለም። ጣና በረጅሙ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ደግሞ አንድ ማማ በተለመደው አሠራር ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ አያገለግልም። ጀልባው ከዳር ሲርቅ ስልኩ ከወዲያ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ለመንገድ ስልኩን ወደ በረራ ሁኔታ መቀየር ባትሪውን ያቆያል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ጤነኛውም ስልክ ከመደወያ ብዙም አላለፈም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የቴሌብር ገንዘብ የተመዘገበው በስልክ ቁጥሩ ስም እንጂ በቀፎው ውስጥ አይደለም። *127# ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ ሲሙን ወደ ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ አዛውሮ ገንዘብ መላክና መቀበል ይቻላል። አንድ ርካሽ ተራ ስልክ ቻርጅ ተደርጎ ቤት ውስጥ መቀመጡ ከፓወር ባንክ የበለጠ ዋስትና ነው።

ስልክዎን ለጥገና ሲሰጡ ሲም ካርዱን አውጥተው ይያዙ፣ የምሥጢር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ። የእናትዎን፣ የወንድምዎንና የሐኪምዎን ቁጥር ደግሞ ስልኩ ሳይጠፋ፣ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ይጻፉ።