ከአንድ አጣና የሚሠራ የቤተሰብ ጨዋታ

ብዙዎቹ ልጆቻችን ከትምህርት ቤትና ከመድረሳ ሲመለሱ የቀረውን ጊዜ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠው ያሳልፉታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሩጫ መሽቀዳደማቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ከቤተሰብ ጋር መጫወት ጊዜ ማባከን እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ጨዋታ ሞልኪ ይባላል። በ1996 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ብዙ ጉልበት ስለማይጠይቅ አያትም የልጅ ልጅም አብረው ይጫወቱታል። ብቻውን 60 ደቂቃውን ባይተካም ልጆችን ከመቀመጫቸው ያስነሳል።

አሠራሩ

1. ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በደንብ የደረቀ 1 ሜትር ከ80 የባሕር ዛፍ አጣና ይበቃል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

2. 24 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ 6 ቁራጮች አዘጋጁ። እያንዳንዱን መሃሉ ላይ በሰያፍ ስትቆርጡት ሁለት እንጨት ይሆናል፤ በድምሩ 12። በቀጥታ የተቆረጠው በኩል መቆሚያው፣ ሰያፉ አናቱ ነው።

3. ለመወርወሪያ 22 ሳንቲ ሜትር ተኩል ቁረጡ። ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ።

4. በሰያፉ አናት ላይ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ጻፉ። አዋቂ ሰው በጋለ ሚስማር ቢያትመው አይጠፋም።

ቀለም አትቀቡት

ዋናው ማሳሰቢያችን ይህ ነው። በአንዳንድ የዘይት ቀለሞች ውስጥ ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ይገኛል (በአማርኛ እርሳስ የምንለው ነው፤ የምንጽፍበት እርሳስ ግን አይደለም)። እንጨቶቹ ሲጋጩ ቀለሙ ይፋቃል፤ ብናኙ ከልጁ እጅ ወደ አፉ ይገባል። ትንንሽ ልጆች የዋጡትን ሊድ ሰውነታቸው ከአዋቂዎች 4 እና 5 እጥፍ ይቀበለዋል። የአእምሮ እድገትን ይጎዳል፣ ትምህርት የመቀበል ችሎታን ይቀንሳል፣ የደም ማነስም ያስከትላል። ጉዳት አያደርስም የሚባል መጠን የለውም። አእምሮን ከጎዳ በኋላም ያንን ጉዳት የሚመልስ መድኃኒት በየትኛውም ፋርማሲ አይገኝም።

በአገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሆኖም እቤት ተርፎ የተቀመጠው ቆርቆሮ ከዚያ በፊት የተገዛ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም የተቃጠለ የመኪና ዘይት የተቀባ፣ በምስጥ መድኃኒት የተነከረ ወይም ከአሮጌ የመብራት ምሰሶ የተረፈ እንጨት አትጠቀሙ። ባዶው እንጨት ከሁሉም ይሻላል። ከጨዋታ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

አጨዋወቱ

እንጨቶቹን አጠጋግታችሁ በአራት ረድፍ አቁሙ፦ ከፊት 1 እና 2፤ ቀጥሎ 3፣ 10፣ 4፤ ከዚያ 5፣ 11፣ 12፣ 6፤ ከኋላ 7፣ 9፣ 8። ተጫዋቹ 3 ሜትር ተኩል ርቆ እጁን ወደ ታች አድርጎ ይወረውራል። አንድ ብቻ ከወደቀ የእንጨቱ ቁጥር፣ ከአንድ በላይ ከወደቀ የወደቁት ብዛት ይቆጠርለታል። የወደቀው እንጨት በወደቀበት ቦታ ይቆማል። ቀድሞ ልክ 50 የሞላ ያሸንፋል፤ ከ50 ያለፈ ወደ 25 ይመለሳል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የሳተ ይወጣል። ነጥቡን ልጆቹ ራሳቸው ይደምሩ፤ ሒሳብ ይለማመዱበታል።

ሲወረወር ሁሉም ከወርዋሪው ኋላ ይቁም። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ወላጆች ጎንበስ ብለው በፍጥነት ሲነሱ ሊያዞራቸው ስለሚችል፣ እንጨቱን ማቆም የልጆቹ ሥራ ይሁን። “የተሸነፈ ይክፈል” የሚባል ነገር አይግባበት፤ ቁማር ሐራም ነው። አዛን ሲሰማም ጨዋታው ይቁም።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን በጤናና በኢማን ያሳድግልን። አሚን።