ሞተሩ ተለወጠ፤ ራዲያተሩስ?

አንባቢ ሆይ! በደብረ ማርቆስ አውራ ጎዳና ዳር ቆመህ አላፊ አግዳሚውን መኪና ስትመለከት፣ ግንባሩ ጠፍጣፋ፣ ቀለሙ የነጣ፣ ኋላው ክፍት የሆነ አሮጌ ላንድሮቨር ፒክአፕ ያለፈብህ እንደ ሆነ፣ እስቲ ድምፁን ልብ ብለህ አድምጥ። መልኩና ድምፁ ላይገጥሙልህ ይችላሉ። መልኩ የእንግሊዝ ነው፤ ድምፁ የጃፓን። ከኮፈኑ ሥር ያለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነውና።

እኔ ይህን ዐይነቱን መኪና ከሥሩ ተኝቼ ለማየት የበቃሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። ባለቤቱ የቤት አከራዬ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሾፌር። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «መምህር» ይሉኛል። ቤተሰባቸው የሚተዳደረው በዚህ መኪና ኪራይ ነበረና የቤንዚኑ ሞተር ዘይት መብላት ሲጀምር ቤቱ ሁሉ ተጨነቀ። ሸጦ ሌላ መግዛት እንዳይታሰብ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቅሎታል። ስለዚህ የዕቁባቸውን ብር ተቀብለው፣ ሁለት ሰንጋ ጨምረው ሸጡና ሞተር ለመለወጥ ቈረጡ።

አካሉን ለምን አልጣሉትም ትል ይሆናል። ላንድሮቨር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1948 ሲወለድ እንግሊዝ ከጦርነቱ ወጥታ ብረት በራሽን የምታድልበት ጊዜ ስለ ነበረ፣ አካሉን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ችግር የወለደው ብልሃት እስከ ዛሬ ይጠቅማል፤ ላሜራው እንደ ሌላው መኪና በዝገት አያልቅም። የሚዝገው ከሥሩ ያለው ሻንሲ ነውና ሞተር ከመግዛትህ በፊት ሻንሲውን በመዶሻ እያንኳኳህ መርምር።

አሮጌው ሞተር 2,286 ሲሲ፣ ከ70 ፈረስ ጕልበት ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ከሶማሌ ተራ የተገዛው ቶዮታ 2,779 ሲሲ ሲሆን ወደ 90 ይጠጋል። ካንዴላ የለው፣ ካርቡራተር የለው፤ መለዋወጫውም በየከተማው ይገኛል። ጋሼ የላንድሮቨሩን ካምቢዮ ማስቀረት ስለ ፈለጉ በሁለቱ መካከል የሚገባ ፍላንጃ በቶርኖ ቤት ተሠራ። ፍላንጃው ከመሐል የወጣ እንደ ሆነ የካምቢዮውን ኩሽኔታ በልቶ ይጨርሳል፤ ፍሪሲዮኑም ዕረፍት አያገኝም። የእኛ መካኒክ ይህን ሲለካ የሚያህለው አልነበረም። ግማሽ ቀን ለካ።

ራዲያተሩ ላይ ሲደርስ ግን ገንዘቡ አልቋል። «ጋሼ፣ ይኸኛው ገና ደኅና ነው፤ ቱቦውን ብቻ እናስማማው» አለ። ጋሼም እሺ አሉ። እኔ የፊዚክስ መምህር ተብዬው እዚያው ቆሜ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ከሚያቃጥለው ናፍጣ ጕልበት መኪናውን የሚገፋው ሲሦው ያህል ብቻ ነው። ሌላው ሲሦ ገደማ በጭስ ማውጫ ይሄዳል፤ ከቀረው አብዛኛውን ውሃው ተሸክሞ ለራዲያተሩ ያስረክባል። እንግዲህ ጕልበት ስትጨምር የምታስወጣውንም ሙቀት ጨመርህ ማለት ነው። በዚህ ላይ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቬንቲላተሩ የሚስበው ነፋስ የሚሸከመው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አምቆ ካልያዘ ሞተሩ ገና ሥራውን ሳይጀምር ውሃው ይንተከተካል። የክዳኑ ጎማና ሞላ ያረጀ እንደ ሆነ ሳታመነታ ለውጠው።

በግንቦት ወር 8 ኩንታል ጤፍ ጭነን ወደ አዲስ አበባ ተነሣን። እስከ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሙቀት ጠቋሚዋ ንቅንቅ አላለችም። ጋሼ በደስታ ያንጎራጉሩ ጀመር። የዓባይን በረሃ ወረድን፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን የኅዳሴ ድልድይ ተሻገርን። ፍልቅልቅ ሳንደርስ ጠቋሚዋ ቀዩን መታች፤ ኮፈኑም እንደ ጀበና ጨሰ።

ዳር ይዘን፣ ከኋላ ጎማው ሥር ትልቅ ድንጋይ አስደግፈን ቆምን። አንድ ቅን ጎረምሳ ጀሪካን ውሃ ይዞ መጣና ክዳኑን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ጋሼ በከዘራቸው መለሱት። ልክ ነበሩ፤ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ውሃው ባንድ አፍታ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ፊት ይልጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ጋሼ አልተናገሩም፤ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ወደ ገደሉ ይመለከቱ ነበር። ሁለቱ ሰንጋዎች ትዝ ሳይሏቸው አልቀረም።

ደብረ ማርቆስ ተመልሰን ሞተሩ ሲታይ ቴስታታው ደኅና ነው፤ እግዜር ይመስገን። ጥፋቱ ግን ወለል ብሎ ታየ። የቶዮታው ቬንቲላተር ከራዲያተሩ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ዝቅም ብሎ ተቀምጧል። ዙሪያውን ነፋስ የሚሰበስብ ላሜራ የለውም። ስለዚህ የኮፈኑን ትኩስ አየር እዚያው ያማስላል እንጂ ከፊት አይስብም። በሜዳው መንገድ ፍጥነት ራሱ ነፋስ እየገፋ ያስገባ ስለ ነበር ጕድለቱ ተሸፈነ፤ ዳገት ላይ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ ግን ካለ ቬንቲላተሩ ሌላ ረዳት የለህም። ታዲያ ያ ሁሉ የሜዳ ጉዞ ምኑን ፈተና ሆነ? የታችኛው የጎማ ቱቦም ለስላሳ ኖሮ ፖምፓው ሲስብ እየተጣበቀ ውሃውን ያንቀው ነበር።

መካኒኩ አልተከራከረም፤ በግማሽ ዋጋ ሠራው። የናፍጣ መኪና ራዲያተር ተፈልጎ የፊቱ ላሜራ ተቈርጦ ገባ። አናቱ ከቴስታታው ከፍ እንዲል ተደረገ፤ አለዚያ አየር ከሞተሩ ውስጥ ይቀርና ውሃው አይዞርም። ሻንሲው በኮረኮንች ሲወዛወዝ እንዳይሰነጠቅ ከሥሩ ጎማ ተነጠፈለት። ቬንቲላተሩ ወደ ፊት ቀረበ፣ ዙሪያው በላሜራ ታጠረ። የታችኛው ቱቦ ውስጡ ሽቦ ባለው ተለወጠ። የምንጭ ውሃ ደለል እንዳይሞላው ኩላንት ተጨመረበት።

ለመንግሥት ሠራተኛው አንባቢዬ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሊብሬ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም ይይዛል። ሞተር ስትገዛ የጉምሩክ ወረቀቱን ካልተቀበልህ፣ ምርመራ ላይ ቀርበህ የምታስረዳው ይጠፋሃል። ጋሼ ወረቀቱን ከጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ አስቀምጠውት ነበር።

ሰኔ ሳይጋመስ 8 ኩንታሉን ዳግመኛ ጭነን ወጣን። ፍልቅልቅ ሲቃረብ ዐይኔ ከጠቋሚዋ አልተነቀለም፤ ከመካከል ፈቀቅ አላለችም። ጋሼ ግን እዚያችው መታጠፊያ ላይ ዳር ይዘው ቆሙ።

«ምነው ጋሼ?» አልኋቸው።

«ያን ጊዜ የተውናትን ድንጋይ ላነሣ ነው፤ ሰው በሌሊት ይመታባታል።»

ወርደው ወዲያ ወዲህ ፈለጉ። ድንጋይዋን ሌላ ሰው አንሥቷታል። ተመልሰው ገቡና፣ ኮፈኑን ሳይከፍቱ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ።