አዲሱን መኪና መጠበቅ ወይስ ያገለገለውን መግዛት?

ቀይ ቡና ቀጠሮ አያውቅም። ለእጥበት ጧት የተለቀመ እሸት ቡና በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ ይበላሻል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ስለዚህ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነት ወይም በጌራ ያለ ቡና አምራች ለቀማ ሲደርስ መኪና ፍለጋ ይሯሯጣል። በኪራይ የተማረረ ሰውም አንድ ቀን «ለምን ተሰባስበን የራሳችንን አይሱዙ አንገዛም?» ማለቱ አይቀርም።

ታዲያ ገንዘቡ ሲዋጣ ክርክር ይነሣል። አንዱ «አዲስ ይሁን» ይላል። ሌላው «ያገለገለ ይበቃናል» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይረሳሉ። እርሱም መጠበቅ ራሱ ወጪ መሆኑ ነው።

አዲስ መኪና ለምን ይዘገያል? መኪናው ወይም የሚገጣጠመው ዕቃ ከውጭ አገር ተገዝቶ በመርከብ እስከ ጅቡቲ ይመጣል። የሚገዛው በዶላር ነው። አገራችን ዶላር ከምታገኝባቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ደግሞ ይኸው ቡናችን ነው። ቡናውን የሚያመርተው ሰው ለመኪና ወረፋ መጠበቁ ይገርማል። ዶላር ሲያጥር አስመጪው በባንክ ይሰለፋል፤ ገዢውም ከአስመጪው ኋላ ይሰለፋል። በዚህ መሐል ዋጋ ይለወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። አንድ ወር ሳይሞላ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋው በውል ያልተቆረጠለት ገዢ «ጨምር» ቢባል ምን ይመልሳል?

እስቲ እናስላ። በአንድ የቡና ወቅት 40 ጊዜ መኪና ትከራያላችሁ እንበል። ለአንድ ምልልስ 4,000 ብር ብትከፍሉ 160,000 ብር ይሆናል። የራሳችሁ መኪና ቢኖር ለነዳጅና ለሾፌር ግማሹን ታወጡ ነበር እንበል። አዲሱ መኪና ለጥቅምት ሳይደርስ በየካቲት ቢመጣ 80,000 ብር በከንቱ ወጣ ማለት ነው። ይህ በአዲሱ መኪና ዋጋ ላይ ይደመር።

ያገለገለ መኪናም የራሱ ጣጣ አለው። ስትገዙ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ያመጣውን መካኒክ ግን አትመኑ። ሞተሩ በጧት ሳይሞቅ ይነሣ። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት ያቃጥላል። ከሥሩ ገብታችሁ ሻንሲው የተበየደበት ቦታ እንዳለ እዩ። ዳገትና ጭቃ ላይ ሲጭን የኖረ መኪና ፍሪሲዮኑ፣ ፍሬኑና ባሌስትራው ይጎዳል። ስለዚህ ጭነት ይዞ ዳገት ይሞከር። ከዚያ በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ማንበብ የቻላችሁ ራሳችሁ አንብቡት እንጂ ለደላላ አትተዉት። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበትም መኪናው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይጠየቅ።

አሮጌ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት የጭነት መኪና ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። ያን ያህል ዘመን ያገለገለው መካኒኩ ሁሉ ጠባዩን ስለሚያውቀው ነው። እናንተም መለዋወጫው ጅማ ከተማ የማይገኝ መኪና ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ።

አዲሱን የመረጠ ሰው ደግሞ መኪናው የሚደርስበትን ቀንና ዋጋውን በውል ያስጽፍ። የከፈለው ገንዘብ ቀብድ መሆን አለመሆኑም ይጻፍ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ሰጪው ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል።

እኔ ብሆን ሻጩ «ከመስከረም በፊት አስረክባለሁ» ብሎ ካልፈረመልኝ ያገለገለውን እገዛለሁ። ደህና ያገለገለ ካልተገኘ ግን ዘንድሮን በኪራይ ማለፍ ይሻላል፤ በጥድፊያ የተገዛ መኪና ለቀማው መሐል ጋራዥ ይገባል። በጋራ የምትገዙ ከሆነ ሊብሬው በማን ስም እንደሚወጣ ገንዘቡ ሳይከፈል በቃለ ጉባዔ ይያዝ፤ ሁላችሁም አንብባችሁ ፈርሙበት።